አስሜ በቁጥጥር ስር ስለ መዋሉ

በአገራችን ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው። ይህን የምለው ለገጽታ ግንባታ ብዬ አይደለም፤ ጠይቄ ስላረጋገጥኩ ነው። እናንተም ሞክሩት። ከቤት ውጡና መጀመሪያ ያገኛችሁትን ሰው «እንዴት ነህ?» በሉት። «ደህና፣ ይመስገን!» ይላችኋል። ሁለተኛውን ጠይቁ። ይመስገን። አንድ እግሩ በጀሶ ታስሮ በክራንች የሚሄደውን አስቁሙት፤ ክራንቹን በብብቱ ጠበቅ አድርጎ ይይዝና በነጻ እጁ ይጨብጣችኋል፤ እሱም ደህና ነው፣ ቤተሰቡም ደህና ነው፣ ይልቅ እናንተ ደህና ናችሁ ወይ? አንድ ጎረቤታችንን የድንገተኛ ክፍል በር ላይ በተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ ሲያስገቡት አግኝቼው፣ ደንግጬ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ብለው፣ እንደ መሳቀቅ ብሎ «ኧረ ደህና ነኝ፣ እንዲያው ልቤ ትንሽ ቆም እያለች ነው እንጂ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ «እንዴት ነህ» ጥያቄ አይደለም። ክላክስ ነው። መጣሁ፣ አየሁህ፣ አልፌህ ልሄድ ነው ለማለት ይነፋል። ክላክስ ለነፋብህ ሾፌር ደግሞ ቆመህ የጉበትህን ሁኔታ አታብራራለትም። አንተም ነፋ አድርገህ ታልፋለህ። በዚህ ረገድ የሃይማኖት ልዩነት እንኳ የለንም። በምሠራበት ቤት አሠሪያችን እትዬ ፀሐይ ጴንጤ ናቸው፤ እንዴት አደሩ ሲባሉ «ጌታ ይባረክ» ይላሉ። የሥራ ባልደረባዬ ከድር «አልሃምዱሊላህ» ይላል። እኔ «ይመስገን» እላለሁ። ሕመምን በመደበቅ ጉዳይ ላይ ያለን መቻቻል ለሌላው ዓለም ምሳሌ የሚሆን ነው።

እኔ ታደለ እባላለሁ። ስሙን ያወጡልኝ ሰዎች ምን አይተው እንደሆነ ሳይነግሩኝ ሞቱ። ሥራዬ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ፣ ከወሎ ሰፈር ገባ ብሎ ባለ አንድ ዕቃ ላኪ ቤት ውስጥ ነው። ውጭ አገር ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀናል። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ሚጥሚጣው፣ በሶው በማዳበሪያ ታዝሎ ይመጣል፤ እኛ እንመዝናለን፣ ገልብጠን እንፈትሻለን፣ መልሰን በወፍራም ፕላስቲክ እናሽጋለን፤ ከዚያ ይበራል። ልብ በሉ፣ ገልብጠን እንፈትሻለን። በርበሬ ሲገለበጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከጆንያው ቀይ ደመና ይነሳና መጋዘኑን አንድ ጊዜ ዞሮ፣ መቀመጫ እንዳጣ እንግዳ ከአንዱ ሰው አፍንጫ ሌላው ሰው አፍንጫ እየተዘዋወረ ይከርማል።

እኔ ደግሞ አስም አለብኝ።

አስም ላለበት ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ እስቲ አስቡልኝ። የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ እንዳትሉኝ፤ ሲሚንቶ ቢያንስ አያቃጥልም። ከድር በርበሬው ሲገለበጥ አከታትሎ ያስነጥስና ሲጨርስ ይስቃል፤ ለሱ አለቀ። እኔ አላስነጥስም። ብቻ ደረቴ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ነገር ይጀምራል። ከድር ጆሮውን ቀሰር አድርጎ «ታደለ፣ ድመቷ ገባች፤ ወተት ልላክላት?» ይለኛል። እስቃለሁ ብዬ ስነሳ ሳሉ ይቀድመኛል። ስለዚህ ካጠገቡ ራቅ ብዬ፣ ኪሴ ውስጥ ያለችውን ሰማያዊ የትንፋሽ መክፈቻ ፓፍ አውጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እነፋና፣ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ራሴን ስመዝነው ግን አስሜን ጥሩ አድርጌ የያዝኩ ሰው ነበርኩ። ይህን የምለው በኩራት ነው። አልሮጥም። አልቸኩልም። ቀልድ ሲጀመር ወደ ውጭ እወጣለሁ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ነው፤ የምወጣውም በዘዴ ነው። አንደኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ትርንጎን ስለ ልጆቿ እጠይቃለሁ። ሁለተኛው ላይ ጋሽ መኮንንን ስለ ወገባቸው እጠይቃለሁ። እነሱ ሲመልሱ እኔ አየር እሰበስባለሁ። ሦስተኛው ላይ የቤቱ ሰው ስለማይኖር በሩ ላይ የተለጠፈውን የውኃ ማስታወቂያ አነባለሁ። በዚህ ምክንያት በብሎኩ ውስጥ እንደኔ ሰው ወዳድ የለም ተብሎ የኮሚቴ አባል ሆኜ ተመርጫለሁ። የአበሻ ሰላምታ ለምን እንዲህ እንደረዘመ የሚያጠና ሰው ካለ፣ ከእኔ ይነሳ። ደረጃ የወጣ አስመኛ ነው የፈጠረው።

እንግዲህ በዚህ መሐል እንግዳ መቀበያዋ ባዶ ሆነች። ከመጋዘኑ ፊት በመስታወት የታጠረች ክፍል ናት። ውስጧ አንድ ወንበር፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ የፕላስቲክ አበባ አለ። አበባው እንኳ ሆን ተብሎ ለአስም የተሠራ ነው የሚመስለው። እዚያ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ አግብታ ሄደች። በዚህች አገር ወንበር የተመኘ ሰው ብዙ ነው፤ ሥልጣኑን ሳይሆን አየሩን ብሎ ወንበር የተመኘ ግን ከእኔ በፊት ስለመኖሩ አልሰማሁም።

እትዬ ፀሐይ ዘንድ ገብቼ ጉዳዬን አቀረብኩ። በርበሬው ደረቴን እንደሚያፍነኝ፣ ኮምፒውተርም እንደማያቅተኝ ነገርኳቸው። ክፉ ሴት አይደሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ቢያዩኝ ቢያዩኝ ሕመሙ አልታይ አላቸው። «ታደለ፣ አንተ ታመሃል እንዴ? እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት ስጠይቅህ ይመስገን ነው የምትለኝ» አሉኝ። «ግዴለም፣ ሐኪም ይበልና። ሐኪም ከመጋዘን ይውጣ ካለ እኔ ማን ነኝ?» ብለው ፈቃድ ሰጡኝ።

ስለዚህ ዓላማዬ ግልጽ ነበር። ሐኪም ዘንድ ሄጄ መታመሜን ማስመስከር። ታምሜያለሁ፤ ይህን ለማስመስከር ምን ብልሃት ይጠይቃል ትላላችሁ?

ሙሉ ልብሴን ለበስኩ። መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት እሱ ነው። ክሊኒኩ መገናኛ፣ ከታች ጫማ የሚሸጥበት ሕንጻ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ የሚሠራው ለማስታወቂያ መለጠፊያነት ነው። እያረፍኩ፣ ስልክ የመጣልኝ እያስመሰልኩ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። እንግዲህ ሰው ቤት እያለከለኩ ይገባል? ያውም ሐኪም ዘንድ? እናቴ እንደዚያ አላሳደገችኝም። ኮሪደሩ ላይ ዞር ብዬ ሰማያዊዋን ፓፍ ደጋግሜ ነፋሁ። ደረቴ እስኪከፈት ጠበቅሁ። ከዚያ ከረባቴን አስተካክዬ፣ በሩን አንኳክቼ፣ የታጠበ ሳንባ ይዤ ገባሁ።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። ከኋላዬ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እንደሚጠብቃት ሁለታችንም እናውቃለን። ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ «እንዴት ኖት ጋሼ?» አለችኝ።

«ደህና፣ ይመስገን» አልኳት።

አፌ ነው ያላት፤ እኔ የለሁበትም። ማታ እንቅልፍ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ምንም አይል» አልኩ። ሥራ ላይስ አያስቸግርዎትም? «ኧረ ይኸው እንላለን።» መድኃኒትዎን በደንብ ይወስዳሉ? እዚህች ላይ ኮራ ብዬ «መድኃኒትማ ከኪሴ አትለይም!» አልኳት። ለካስ እሷ የምትለው ጠዋትና ማታ የሚወሰደውን መከላከያ ኖሯል። እሱ ቁም ሣጥን ላይ ከነካርቶኑ አለ። እሷ ታዛዥ በሽተኛ አገኘሁ ብላ ደስ አላት፤ እኔም ደስ ስላላት ደስ አለኝ። ማዳመጫዋን ደረቴ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ድመቷ ድምጿን አጥፍታለች፤ ከኮሪደሩ ጀምሬ አፏን ይዣታለሁ። ከዚያ የትንፋሽ አቅም የሚለካባትን ቱቦ ሰጥታኝ «በኃይል ይንፉ» አለችኝ። እንግዲህ ሴት ልጅ ፊት በኃይል ንፋ ተብሎ ቀስ ብሎ የሚነፋ ወንድ አለ? ነፋሁ። ዓይኔ እስኪጨልም ነፋሁ። «ጎበዝ!» አለችኝ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ጎበዝ ያለኝ ሰው አልነበረም።

«አስምዎ ኮንትሮልድ ነው፤ በቁጥጥር ስር ነው ማለት ነው» ብላ በጽሑፍ አድርጋ ሰጠችኝ። ደጋግሜ አመስግኜ፣ ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ ወጣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ነው የመጣሁት ፈተናውን ለመውደቅ እንደነበር ትዝ ያለኝ።

«በቁጥጥር ስር» የሚለውን ቃል አስባችሁበት ታውቃላችሁ? በዜና እንሰማዋለን። እሳቱ በቁጥጥር ስር ዋለ። ተጠርጣሪው በቁጥጥር ስር ዋለ። ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው ሕዝቡ ነው፤ የሚታሰረው ተጠርጣሪው። የኔ ተጠርጣሪ ግን በቁጥጥር ስር ከዋለ በኋላም ወሎ ሰፈር እንደ ልቡ ይንሸራሸራል፤ ደረጃ መውጣት የተከለከልኩት እኔ፣ መሳቅ የተከለከልኩት እኔ፣ ሌሊት ተቀምጬ የማድረው እኔ ነኝ። ማን ማንን እንደያዘ ባጣራ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱ ማኅተም አለው።

እትዬ ፀሐይ ወረቀቱን አንብበው እልል አሉ። እውነተኛ እልልታ ነው። «አላልኩህም? ጌታ ጠብቆሃል!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። ከድር ሚጥሚጣ እየገለበጠ ነበር። «እንኳን ደስ ያለህ!» አለኝ። ድመቷም አብራው ደስ አላት።

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለአስቴር በቁጥጥር ስር መዋሌን ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «ማን ነው ያለው?» አለችኝ። ሐኪሟ አልኳት። «እኔን ጠየቀችኝ?» አለች። ልብ በሉ፣ አስቴር ሕክምና አልተማረችም። የምትመዝነው በሌላ ሚዛን ነው። «ከመቼ ወዲህ ነው እሑድ አብረን በእግር መሄድ የተውነው? በቀደም ወንድሜ ያንን ቀልድ ሲያወራ ለምንድን ነው ተነስተህ ሽንት ቤት የገባኸው? ትራሱን ሁለት ያደረግከው ለምንድን ነው? አንተ እኮ ታዴ፣ አልተሻለህም። ትንሽ መኖር ነው የጀመርከው» አለችኝ።

ተናደድኩ። ሰው የሚናደደው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«ተመልሰህ ትሄዳለህ፤ ይመስገን የምትባለዋን ቃል ግን እዚሁ ጥለሃት ነው የምትሄደው» ብላ ወሰነች። እራት ከበላን በኋላ ማማሰያ ይዛ ፊቴ ተቀመጠች፤ እሷ ሐኪም፣ እኔ በሽተኛ። «እንዴት ኖት ጋሼ?» አለችኝ ድምጿን ቀጠን አድርጋ። «ይመስ...» ስል በማማሰያው ጉልበቴን። «ደህና...» ስል ድጋሚ። «ከሐኪም ጋር ነው የምታወራው ከእድርተኛ ጋር?» ምንም አይል፣ ይኸው እንላለን፣ ከትናንት ይሻላል፣ ሁሉንም ሞከርኩ፤ ለሁሉም ማማሰያው መልስ ነበረው። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ «መጥፎ ነኝ» አልኩ። በሕይወቴ ብዬው አላውቅም። ሰው ፊት ነውር የተናገርኩ ያህል ፊቴ ጋለ። ቀና ስል አስቴር ማማሰያውን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

በሌላ ቀን ያለ ከረባት፣ ያለ ፓፍ፣ ከነማለክለኬ ገባሁ። ሐኪሟ እንዳለፈው ጊዜ ኮምፒውተሩን እያየች «እንዴት ኖት?» አለችኝ። «መጥፎ ነኝ!» አልኳት። ትንሽ ሳልጮህ አልቀረሁም። ቀና አለች። ያን ጊዜ ነው ፊቷን መጀመሪያ ያየሁት፤ ዓይኖቿ እንቅልፍ ባጣ ሰው ዓይን ልክ ቀልተዋል። ከዚያ በኋላ አላቆምኩም። ሌሊቱን፣ ደረጃውን፣ ትራሱን፣ ሰማያዊዋን ፓፍ፣ በር ላይ ነፍቼ እንደገባሁ ሁሉ ነገርኳት። ማዳመጫዋን ስታደርግ ድመቷ ራሷ መስክራለች።

«ታዲያ ያን ለት ለምን አልነገሩኝም?» አለችኝ። «ያን ለት እኮ እንዴት ኖት ነው ያሉኝ፤ እንዴት ኖት የተባለ ሰው ይሄን ሁሉ ያወራል?» አልኳት። ልትስቅ ጀመረች፤ ከዚያ ተወችው። «እኔም እናቴ ስትደውል ደህና ነኝ ነው የምላት» አለች ቀስ ብላ። እኔና ሐኪሜ በአንድ ግምገማ የተስማማነው ያኔ ብቻ ነው። አስሜ በቁጥጥር ስር እንዳልሆነ ጻፈች፤ መከላከያውን እንዴት እንደምወስድ ቁጭ ብላ አሳየችኝ፤ ከበርበሬና ከአቧራ ይውጣ የሚለውን ደግሞ በደማቁ አሰመረችበት። ደረጃውን ስወርድ በሽተኛ መሆኔ በማኅተም የተረጋገጠልኝ ደስተኛ ሰው ነበርኩ።

እትዬ ፀሐይ ሁለተኛውን ወረቀት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እውነተኛ እንባ ነው። «ወይኔ ታደለ! እንዲህ ሆነህ ነው ዝም የምትለኝ?» አሉና ተነስተው አቀፉኝ። ጌታ እንዲምረኝም እዚያው ጸለዩልኝ። እኔ በልቤ የፕላስቲክ አበባውን ከወንበሩ በስተ ቀኝ ላድርገው በስተ ግራ እያልኩ ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው «በቃ፣ አንተ ከእንግዲህ እቤትህ ማረፍ ነው ያለብህ» አሉኝ።

እንግዳ መቀበያውስ ብዬ ጠየቅሁ። «ታደለዬ፣ ደንበኛ ፊት አስቀምጬህ ትንፋሽህ ቢቆምስ? ሰው ምን ይለኛል? መጋዘንም አይሆንም፣ ይኸው ሐኪሟ በደማቁ አስምራለች። ስትድን ትመጣለህ፤ ቦታህ የትም አይሄድ» አሉ። አስም መቼ ይድናል? እሱን ጌታ ያውቃል። እዚያው ቆሜ የቤት ኪራዩም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም፣ መከላከያ የሚባለው መድኃኒትም ራሱ ከዚሁ በርበሬ እንደሚወጣ ታየኝ። በሰላሙ ጊዜ ጤነኛ ስለሆንኩ በርበሬ ውስጥ፤ ሕመሜ ሲታወቅ ደግሞ ከነበርበሬው ውጭ። መሐል ላይ ያለችው ወንበር ለየትኛው ዓይነት ሰው እንደተሠራች እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«እትዬ፣ ያን ያህል እኮ አይደለም፤ እነዚህ የዘንድሮ ሐኪሞች ያከብዱታል» ብዬ ጀመርኩ። ያንቺ ጥፋት አይደለም ሐኪሜ፣ የኔ ልጅ፣ ይቅር በይኝ። እትዬ ፀሐይ እጄን ይዘው ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «እስቲ ሐኪሟን ተዋት። በጌታ ፊት እውነቱን ንገረኝ። እንዴት ነህ?» አሉኝ። በሕይወቴ ጥያቄው ጥያቄ ሆኖ የተጠየቅሁት ይህችን አንድ ጊዜ ነው። ክላክስ አልነበረም። ከድር መመዘኑን አቁሟል። የአስቴር ማማሰያ ትዝ አለኝ። ትንፋሼን፣ ከየትም ከየትም ሰብስቤ፣ ሳል ሳይቀድመኝ በአንድ ጊዜ አወጣሁት።

«ደህና ነኝ እትዬ፣ ይመስገን።»

«እኔም ብዬ ነበር!» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከድር ቀና ብሎም አላየኝ። ጎንበስ ብሎ፣ የመጣውን ማዳበሪያ በኔ በኩል ያለውን ጫፍ አቀበለኝ። ያን ቀን ስለ ድመት አልቀለደም።

ወንበሯ ላይ አሁን የእትዬ ፀሐይ የእህት ልጅ ተቀምጣለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ በመስታወቱ ቀዳዳ «እንዴት ዋልክ ጋሽ ታደለ?» ትለኛለች፣ እኔም የሚባለውን እላታለሁ። ያን ምሽት አስቴር «ምን አሉህ?» ስትለኝም የመለስኩላት ያንኑ ቃል ነው። ማማሰያ አላነሳችም። ሄዳ መስኮቱን ከፈተችው።

ስለዚህ ጉዳዩ እልባት አግኝቷል። በአሠሪዬ ግምገማ ጤነኛ ነኝ። በራሴ ቃል ጤነኛ ነኝ። በመጀመሪያው ወረቀት ጤነኛ ነኝ፤ ሁለተኛው ቦርሳ ውስጥ ነው። እንዴት ነህ ያልተባለው አስሜ ብቻ ነው። እሱን ጠጋ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ቢገኝ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳይዋሽ ይመስገን የሚለው እሱ ነበር።